አመልካች ጣትን ማን ያነሣታል? የክንድ ጀርባ ጡንቻዎች በእስልምናው ዓለም የሕክምና መጻሕፍት

 

መግቢያ

በሶላት ለተሸሁድ ስንቀመጥ ቀኝ እጃችንን በጭናችን ላይ እናሳርፋለን፤ ሌሎቹን ጣቶች አጥፈን አመልካቿን እናነሣለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ኢማም ሙስሊም ከዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። የፊቅህ ሊቃውንት ጣቷ መቼ እንደምትነሣ፣ ትንቀሳቀስ ወይስ ትርጋ በሚለው ላይ በስፋት ተወያይተዋል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጣቷን የሚያነሣት ምንድን ነው? የእስልምናው ዓለም ሐኪሞች ይህን ከየት አወቁ? ካወቁትስ ምን ያህሉ ትክክል ነበር?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ የሚከተለው ጉዳይ ግን ትንሽ አይደለም። ተማሪዎቻችን ስለ እስልምናው ዓለም ሳይንስ ሁለት ተቃራኒ ትረካዎችን ይዘው ይመጣሉ። አንደኛው፣ ሙስሊሞች የግሪኮችን ዕውቀት እንደ ግምጃ ቤት ጠባቂ ጠብቀው ለአውሮፓ ከማስረከብ በቀር የጨመሩት ነገር የለም ይላል። ሁለተኛው፣ የተገኘው ሁሉ በእነርሱ ተገኘ፤ ስህተትም አልነበረባቸውም ይላል። እኔም በወጣትነቴ ሁለተኛውን ትረካ ከሚንበር ላይ አሰምቻለሁ፤ ኢብኑ ሲና የሰውን እጅ አንዲት ስህተት ሳይኖርባቸው እንደገለጹ ለጀማዓው ተናግሬያለሁ። ከዓመታት በኋላ በዩኒቨርሲቲ የ«ቃኑን»ን የጡንቻ ምዕራፎች ከዘመናዊ የአካል ጥናት መጽሐፍ ጎን አስቀምጬ ባነበብኩ ጊዜ፣ ያልኩት ትክክል እንዳልነበረ ተረዳሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በከፊል የራሴን ንግግር ማረሚያ ነው።

1. ጣቷ ከየት ትታዘዛለች?

ጣቶችን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ትላልቅ ጡንቻዎች በጣቶች ውስጥ አይገኙም። ኃይሉ የሚመጣው ከክንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ክንድ» ስል ከክርን እስከ አንጓ ያለውን ክፍል ማለቴ ነው። በመዳፍ በኩል ያሉት ጡንቻዎች በአብዛኛው አንጓንና ጣቶችን ያጥፋሉ፤ በጀርባው በኩል ያሉት በአብዛኛው ይዘረጋሉ። የዛሬው የአካል ጥናት በክንድ ጀርባ 12 ጡንቻዎችን ይቆጥራል፤ 7ቱ ከላይ፣ 5ቱ ከሥር ተደራርበው የተቀመጡ ናቸው። ከላይኞቹ አብዛኞቹ የሚነሡት የላይኛው ክንድ አጥንት ወደ ክርን ሲደርስ በውጭ በኩል ከምታወጣው ጉብታ ነው። ወደ አንጓ ሲቃረቡ ሥጋቸው ያልቅና ወደ ጅማት ይለወጣሉ። ጅማቶቹም በአንጓ ጀርባ እንደ መቀነት በተጠመጠመ ማሰሪያ ሥር፣ በ6 መተላለፊያዎች አልፈው ወደ እጅና ወደ ጣቶች ይዘልቃሉ። ሁሉንም የሚያዝዛቸው አንድ ነርቭና ቅርንጫፎቹ ናቸው። ይህ ነርቭ፣ ለምሳሌ የላይኛው ክንድ አጥንት ተሰብሮ፣ ቢጎዳ አንጓው ይወድቃል፤ ሰውየው እጁን ቀና ማድረግ ይሳነዋል።

ከእነዚህ መካከል አንዱ ለአራቱም ጣቶች ጅማት የሚልክ የጋራ ዘርጊ ነው። አመልካች ጣት ግን ከዚህ በተጨማሪ ከሥር ካሉት ጡንቻዎች አንዱ የራሷ የሆነ ዘርጊ አላት፤ ትንሿ ጣትም እንዲሁ የራሷ አላት። አንባቢ ይህን በገዛ እጁ ሊፈትነው ይችላል። እጁን ጨብጦ አመልካች ጣቱን ብቻ ቢዘረጋ ያለ ችግር ትነሣለች። አሁንም ጨብጦ የቀለበት ጣቱን ብቻ ለማንሣት ቢሞክር ግን ጎረቤቶቿ እንደሚይዟት ይሰማዋል፤ የራሷ ዘርጊ የላትም፣ ጅማቷም ከጎረቤቶቿ ጅማት ጋር ተያይዟል። ለዱዓ መዳፋችንን ወደ ሰማይ ስንመልስም በሥራው ከሚካፈሉት አንዱ፣ ከክርን በታች በዚሁ ጀርባ በጥልቀት ተጠምጥሞ የተቀመጠ ጡንቻ ነው።

እንግዲህ የራሷ ዘርጊ ያላት ይህች አመልካች ጣት የጽሑፋችን መፈተኛ ትሆናለች። የቀደሙት ሊቃውንት ስለ እርሷ የጻፉትን መከታተል ዕውቀቱ እንዴት እንደተላለፈና የት ላይ እንደቆመ ያሳየናል።

2. ከትርጉም መጻሕፍት በፊት የነበሩ ስሞች

የግሪክ መጻሕፍት ወደ ዐረቢኛ ከመመለሳቸው በፊት ዐረቦች የክንድን ክፍሎች ለይተው የሚጠሩባቸው ስሞች ነበሯቸው። ከክርን በላይ ያለው «ዐዱድ»፣ ከክርን በታች ያለው «ሳዒድ»፣ አንጓው «ሩስግ» ይባላል። ሁለቱ የክንድ አጥንቶች «ዘንዳን» ተብለዋል፤ «ዘንድ» በመጀመሪያ ትርጉሙ እሳት ለማውጣት የሚፋተገው እንጨት ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለችው የአንጓ አጥንት ጫፍ «ኩዕ»፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለችው «ኩርሱዕ» ትባላለች። በመድረሳ የተማረ ሰው ኩዕን ከቡዕ የማይለይ ማለት መሃይም ማለት እንደሆነ ያስታውሳል፤ «ቡዕ» በእግር አውራ ጣት በኩል ያለችው አጥንት ናትና። እኛም «ሚንሃጅ»ን በምንማርበት ጊዜ ሸኻችን ትምህርቱን ከመቀጠላቸው በፊት የእያንዳንዳችንን አንጓ በጣታቸው እየነኩ ስሞቹን ያስደግሙን ነበር።

ይህ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ውዱእ እስከ ክርን ነው ሲባል ክርኑ ራሱ ይታጠባል ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይታጠባል ሲሉ ከሐነፊዮች ዙፈር ግን ተለይተዋል። በተየሙም ጊዜ እጅ የሚታበሰው እስከ አንጓ ነው ወይስ እስከ ክርን በሚለው ላይ መዝሀቦች ተለያይተዋል። በጉዳት ካሣ ደግሞ የአንድ ጣት ዲያ 10 ግመል ነው። ጣቲቱ ባትቆረጥም ሽባ ሆና ጥቅሟ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ፣ እንደ ተቆረጠች ትታሰባለች። አንድ ሰው በክንዱ ጀርባ በስለት ቆስሎ ጣቱን መዘርጋት ቢያቅተው፣ የቃዲው ጥያቄ ወደ ሐኪሙ ዕውቀት ይመራል፤ የጠፋው ምንድን ነው? ተመልሶ ይድናልን?

በዚሁ በዲያ ጉዳይ ኢማም አሽ-ሻፊዒይ «ሪሳላ» በተሰኘው ኪታባቸው ያነሡት አንድ ታሪክ ለጽሑፋችን ቁልፍ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የጣቶች ጥቅምና ውበት እኩል አለመሆኑን አይተው፣ ለአውራ ጣት 15፣ ለአመልካቿና ለመካከለኛዋ 10፣ 10፣ ለቀለበት ጣት 9፣ ለትንሿ ጣት 6 ግመል ወሰኑ፤ ድምሩ የአንድ እጅ ካሣ የሆነው 50 ነው። በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዐምር ኢብኑ ሐዝም የጻፉት ደብዳቤ በቤተሰቡ ዘንድ ሲገኝ፣ ለእያንዳንዷ ጣት 10 ግመል የሚል ሆነ። ሰዎችም የደብዳቤውን እውነተኛነት ካረጋገጡ በኋላ የቀደመውን ውሳኔ ትተው ደብዳቤውን ያዙ። ከኡመቱ ታላላቆች የአንዱ ውሳኔ ከእርሱ የበለጠ ማስረጃ ሲመጣ ቦታውን ለቀቀ፤ የዑመርም ክብር በዚህ አልጎደለም።

3. ከጴርጋሞን ወደ ባግዳድ

ስለ ክንድ ጡንቻዎች በዝርዝር የጻፈውና መጽሐፉ እስከ ዘመናችን የዘለቀው ታላቁ ጥንታዊ ሐኪም ጋሌን ነው፤ በዐረቢኛ ጃሊኑስ ይባላል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጴርጋሞን የግላዲያተሮች ሐኪም ሆኖ ሠርቷል፤ ሥራውም ጥልቅ የክንድና የእግር ቁስሎችን የማየት ዕድል ሰጥቶታል። «የአካላት ጥቅሞች» የተሰኘውን ባለ 17 ክፍል መጽሐፉን የሚጀምረው በእጅ ነው፤ አካልን ከፍቶ ስለ መመርመር የጻፈው ባለ 15 ክፍል መጽሐፉም መጀመሪያ ከእጅና ከክንድ ጡንቻዎች ይነሣል።

ይሁን እንጂ በጋሌን ዘመን በሮም የሰውን አስከሬን ከፍቶ መመርመር የተለመደ አልነበረም። ስለዚህ ጋሌን ተማሪዎቹን የመከራቸው የሰውን አጥንት ባገኙበት ሁሉ እንዲያዩ፣ ለዚህም ወደ እስክንድርያ እንዲሄዱ፣ ጡንቻን ግን ለሰው እጅግ በሚቀርበው እንስሳ በዝንጀሮ ላይ እንዲማሩ ነው። እርሱ ራሱ በብዛት የመረመረው በሰሜን አፍሪካ የሚገኘውን ጅራት የለሽ ዝንጀሮ ነበር። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲይዘው እለምናለሁ፤ አጥንት ከሰው፣ ጡንቻ ከዝንጀሮ።

እነዚህ መጻሕፍት በ3ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ወደ ዐረቢኛ ተመለሱ። የሥራው መሪ በባግዳድ የኖሩት የሒራው ተወላጅ ክርስቲያን ሊቅ ሑነይን ኢብኑ ኢስሐቅ ነበሩ፤ እህታቸው የወለዱት ሑበይሽም ከእርሳቸው ጋር ሠርቷል። ሑነይን ስለ ትርጉሞቻቸው በጻፉት ደብዳቤ 129 የጋሌን መጻሕፍትን ዘርዝረዋል። የአንድን መጽሐፍ ብዙ የግሪክ ቅጂዎች ሰብስበው፣ አስተያይተውና አርመው እንደሚተረጉሙም ገልጸዋል። የሐዲስ ሊቃውንት ቅጂን ከቅጂ የሚያመሳክሩበትን መንገድ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አካልን ስለ መመርመር ከተጻፈው የጋሌን መጽሐፍ ከ9ኛው ክፍል አጋማሽ ገደማ ጀምሮ እስከ 15ኛው ያለው በግሪክኛ ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚገኘው በዚህ የዐረቢኛ ትርጉም ብቻ ነው። «ግምጃ ቤት ጠባቂዎች ብቻ ነበሩ» የሚለው ትረካ ያነሰ የሚሆነው መጠበቁ ራሱ ምን ያህል ዕውቀትና ድካም እንደጠየቀ ስለማያይ ነው።

4. በ«ቃኑን» ውስጥ ያለው ክንድ

ከትርጉሙ በኋላ ዕውቀቱን ለማስተማር በሚመች መልክ ያደራጁ ሊቃውንት ተከተሉ። አቡ በክር አር-ራዚ (በ313 ሂ./925 እ.ኤ.አ. ያረፉ) «አል-መንሱሪ» በተሰኘው ኪታባቸው የመጀመሪያውን ክፍል ለአካል አሠራር ሰጡ። ዐሊይ ኢብኑል ዐባስ አል-መጁሲ ይበልጥ ሰፊ የሆነውን «ካሚሉ-ስ-ሲናዓ» አዘጋጁ፤ ያበረከቱትም «ዐዱዱ-ድ-ደውላ»፣ የመንግሥት ክንድ፣ በሚል ማዕረግ ለሚጠራው ገዥ ነበር። ኢብኑ ሲና (370–428 ሂ./980–1037 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በ«ቃኑን» የመጀመሪያ መጽሐፍ አጥንትን፣ ጡንቻን፣ ነርቭን፣ የልብ ትርታ ያለባቸውን የደም ሥሮችና የሌለባቸውን በቅደም ተከተል አስቀመጡ።

ኢብኑ ሲና ስለ ክንድ አጥንቶች የጻፉት ዛሬም የሚያስተምር ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው ላይኛው ዘንድ ቀጭን ነው፤ ጥቅሙም ክንድን ማዞርና መገልበጥ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ታችኛው ዘንድ ወፍራም ነው፤ ተሸካሚ ነውና፤ ጥቅሙም ማጠፍና መዘርጋት ነው። ስለ አንጓም 7 አጥንቶችና አንድ ተጨማሪ አጥንት እንዳሉት ይገልጻሉ፤ የተጨማሪዋም ሥራ ወደ መዳፍ የሚሄደውን ነርቭ መጠበቅ እንደሆነ ያስረዳሉ። ቁጥሩ 8 ነው፤ ዛሬም 8 ነው።

ወደ ጡንቻ ሲመጡ መጀመሪያ መርሑን ያስቀምጣሉ። ጡንቻ በነርቭና በማሰሪያ ጭረቶች የተሠራ፣ መካከሉ በሥጋ የተሞላ፣ በሽፋን የተሸፈነ ነው፤ ሲኮማተር ጅማቱን ይስባል፣ ጅማቱም አካልን ያንቀሳቅሳል። ከዚያም በእንቅስቃሴ ይከፋፍላሉ፤ ክንድን የሚዘረጉና የሚያጥፉ፣ የሚደፉና የሚገለብጡ፣ አንጓን የሚያንቀሳቅሱ፣ ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱ። ይህ አከፋፈል ለሐኪም ጠቃሚ ነው፤ ታማሚው «ይህን ማድረግ አቃተኝ» ሲል ሐኪሙ የጎደለውን እንቅስቃሴ ይዞ ወደ ጡንቻው፣ ከጡንቻው ወደ ነርቩ ይሄዳልና።

የጋራው ዘርጊ በትክክል ተገልጿል። በክንዱ ውጫዊ ገጽ መካከል የተቀመጠ፣ ከላይኛው ክንድ አጥንት ታችኛ ጫፍ ጉብታ የሚነሣ፣ ለአራቱ ጣቶች ጅማት የሚልክ ጡንቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ግን ጣቶችን ወደ ጎን የሚያዘነብሉ ጎን ለጎን የተያያዙ ሦስት ጡንቻዎች ይጠቀሳሉ። አንዱ ለትንሿና ለቀለበት ጣት፣ ሁለተኛው ለመካከለኛዋና ለአመልካቿ፣ ሦስተኛው ለአውራ ጣት ጅማት ይልካል።

እዚህ ላይ መቆም ይገባል። በአብዛኛው ሰው እጅ ከሥር ያለው ልዩ ዘርጊ ለአመልካቿ ብቻ ነው፤ የቀለበት ጣትም ከላይ እንደፈተንነው የራሷ ልዩ ዘርጊ የላትም። ለአመልካቿና ለመካከለኛዋ አንድ፣ ለቀለበት ጣትና ለትንሿ ሌላ ዘርጊ በጥንድ በጥንድ የሚገኘው ጋሌን በመረመረው የዝንጀሮ ዓይነት እጅ ላይ ነው። ስለዚህ በመድረሳና በቢማሪስታን ለዘመናት የተነበበው ይህ ምዕራፍ አጥንቱ የሰው፣ የጣት ዘርጊዎቹ ግን በከፊል የዝንጀሮ የሆነ እጅ ነበር። ኢብኑ ሲና የጻፉት ከታመነ ምንጭ ተቀብለው ነው፤ ምንጩ ግን በዚህ ነጥብ ላይ ስለ ሰው አልነበረም።

5. ዕውቀቱ ለምን አገለገለ?

ይህ ስህተት የቀረውን ዋጋ አያሳጣውም። የክንድ ዕውቀት በየዕለቱ ሥራ ላይ ይውል ነበር። በኸንደቅ ጦርነት (5 ሂ.) ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) «አክሐል» በተባለው የክንድ ደም ሥር በቀስት ተመትተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቅርብ ይጠይቋቸው ዘንድ በመስጂዱ ውስጥ ድንኳን እንዳስተከሉላቸው በሁለቱ ሶሒሖች ተዘግቧል። ይኸው «አክሐል» በኋላ በሐኪሞች መጻሕፍት ደም ከሚቀዳባቸው 6 የእጅ ደም ሥሮች አንዱ ሆኖ ይገኛል። ኢብኑ ሲና እነዚህን ሲዘረዝሩ በ«ባሲሊቅ» ሥር ትርታ ያለው የደም ሥር እንዳለ፣ በ«አክሐል»ም አጠገብ ነርቭ እንዳለ ያስጠነቅቃሉ። ከቆዳ በታች ያለውን የማያውቅ እጅ ለመፈወስ ብሎ ሊያሽመደምድ ይችላል።

የኮርዶባው ቀዶ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (በ404 ሂ./1013 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፉ) በ«ተስሪፍ» 30ኛ ክፍል መግቢያ ላይ ይህንኑ አምርረው ተናግረዋል። በዘመናቸው ጥሩ ቀዶ ሐኪም የታጣው የአካልን አሠራር የሚማር ስለ ጠፋ ነው ይላሉ፤ ባለማወቅ የተቆረጡ የደም ሥሮች ሕይወት እንዴት እንደቀጠፉም ያዩትን ይተርካሉ። ለእርሳቸው የአካል ዕውቀት የአማና ጉዳይ ነበር።

ጋሌን ራሱ የተወውና በዐረቢኛው ሕክምና ትምህርት ውስጥ የገባ አንድ ታሪክም የዚህን ዕውቀት ጥቅም ያሳያል። ከሶሪያ የመጣ አንድ ሰው ትንሿና የቀለበት ጣቱ፣ የመካከለኛዋም ግማሽ ደነዘዙበት። ሐኪሞች በጣቶቹ ላይ መድኃኒት እየቀቡ ከረሙ፤ አልረዳውም። ጋሌን ቀድሞ ምን እንደደረሰበት ሲጠይቀው፣ ከሠረገላ ወድቆ ጀርባውን በትከሻዎቹ መካከል እንደተመታ ነገረው። ጋሌንም መድኃኒቱን ነርቩ ከሚነሣበት ከጀርባ አጥንቱ ላይ አደረገ፤ ሰውየውም ዳነ። ሕመሙ በጣት፣ ምንጩ በጀርባ ነበር።

6. መንጋጋው ታረመ፣ ልብ ታረመ፤ ክንዱ ግን ለምን አልታረመም?

የእስልምናው ዓለም ሊቃውንት ጋሌንን የማረም ድፍረት አላጡም ነበር። ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ (557–629 ሂ./1162–1231 እ.ኤ.አ.) በ597 እና 598 ሂ. (1200–1202 እ.ኤ.አ.) በግብፅ በደረሰው አስከፊ ረሃብ ጊዜ እዚያው ነበሩ። በካይሮ አቅራቢያ በአል-መቅስ በረሃብ ያለቁ ሰዎች አጥንት ተከምሮ አገኙ። ጋሌን የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ2000 በላይ የራስ ቅሎችን ተመልክተው አንድ አጥንት ብቻ ሆኖ አገኙት። ጋሌን በትጋቱ ታላቅ ቢሆንም የዓይን ምስክርነት ከእርሱ ይልቅ እንደሚታመን ጻፉ።

ኢብኑ ነፊስ (በ687 ሂ./1288 እ.ኤ.አ. በካይሮ ያረፉ) ደግሞ ሐኪምም የሻፊዒይ ፈቂህም ነበሩ፤ የሻፊዒይ ሊቃውንትን ታሪክ የጻፉት አስ-ሱብኪም ከዚያው ወገን ቆጥረዋቸዋል። በ640 ሂ. (1242 እ.ኤ.አ.) በተገለበጠ ቅጂ በምናገኘው የ«ቃኑን» የአካል ክፍል ማብራሪያቸው፣ በልብ ቀኝና ግራ ክፍሎች መካከል ደም የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም፤ ደሙ በሳንባ በኩል ዞሮ ይመጣል ሲሉ ጋሌንንም ኢብኑ ሲናንም አረሙ። በዚያው መጽሐፍ መግቢያ አካልን ከፍቶ ከመመርመር የከለከሏቸው የሸሪዓ ገደብና በውስጣቸው ያለው ርኅራኄ እንደሆኑ ይናገራሉ፤ ስለዚህ በአካላት ቅርጽ ቀደምቶችን፣ በተለይም ጋሌንን ይከተላሉ። በአካላት ጥቅም ግን ከቀደምቶች ጋር ቢስማማም ባይስማማም ምርመራ የሚያመጣውን እንደሚይዙ ያስታውቃሉ።

መልሱ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ኢብኑ ነፊስ በዚሁ መግቢያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ጥናት ቀላል መሆኑን፣ ይልቁንም ሥጋው ካለቀ በኋላ ይበልጥ እንደሚቀል ይገልጻሉ። አጥንት ይቆያል፤ ረሃብም ሆነ ጊዜ ይገልጠዋል፤ ማንንም ሳይቀዱ ሊያዩት ይችላሉ። የመንጋጋው ስህተት የታረመው በዚህ መንገድ ነው። የልብ ስህተት ደግሞ በጥቅም ላይ በሚደረግ ምርመራ ሊደረስበት ቻለ፤ ደሙ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ አእምሮን ያስገድዳልና። የክንድ ጀርባ ጅማት ግን በሁለቱም መንገድ አይገኝም። ከሥጋው ጋር ቀድሞ ይበሰብሳል፤ በአጥንት ክምር ላይ አይታይም። አመልካች ጣት በአንድ ጅማት ብትነሣም በሁለት ያው ትነሣለች፤ ስለዚህ ጥቅሙን ማሰላሰል ብቻውን ስህተቱን አይገልጠውም። በሕክምናም ላይ ጉዳት አላመጣም፤ በዚያ ቦታ የቆሰለን ሰው ሐኪሙ በየትኛውም ገለጻ ቢመራ ያው ሕክምና ይሰጠዋል። ማንንም የማይጎዳና ለዓይን የማይገለጥ ስህተት ዕድሜው ረጅም ነው።

ሥዕልም አልረዳም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሺራዝ መንሱር ኢብኑ ኢልያስ በፋርስኛ ባዘጋጁት መጽሐፍ የጡንቻዎች ሥዕል አለ፤ ነገር ግን መላውን አካል በአንድ ገጽ የሚያሳይ በመሆኑ የአንዲትን ጣት ጅማት ሊለይ አይችልም። በአውሮፓም ቢሆን በጄራርድ ዘክሬሞና (በ1187 እ.ኤ.አ. ያረፈ) ወደ ላቲን የተመለሰው «ቃኑን» ለዘመናት ሲነበብ ይህ ጉዳይ አብሮ ተነበበ። በ1537 እ.ኤ.አ. የአር-ራዚን «አል-መንሱሪ» 9ኛ ክፍል አሻሽሎ ያሳተመው አንድሬያስ ቬሳሊየስ፣ በ1543 እ.ኤ.አ. ታላቁን የአካል መጽሐፉን ሲያወጣ ጋሌን የመረመረው ዝንጀሮዎችን እንደነበር በግልጽ ጻፈ። በመጽሐፉ ባለው ምስሉ ላይ ቆዳው የተገፈፈ የአስከሬን ክንድ ይዞ ይታያል። ልዩነቱን ያመጣው የአእምሮ ብልጫ አልነበረም፤ በእጁ ያለው ማስረጃ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ። በአንዳንድ ሰዎች ክንድ ላይ ለመካከለኛዋ ጣት የሚሄድ ተጨማሪ ጅማት ይገኛል። ስለዚህ አንድ አስከሬን ያየ ሰው እንኳ ሊሳሳት ይችል ነበር። ዐብዱለጢፍ አንድ መንጋጋ አይተው አልበቃቸውም፤ ከ2000 በላይ ተመለከቱ እንጂ። የሐዲስ ሊቃውንት በአንድ መንገድ የመጣን ዘገባ በብዙ መንገድ ከመጣው እንደሚለዩት ሁሉ፣ በአካል ጥናትም ብዛት የራሱ ክብደት አለው።

ማጠቃለያ

በእኛ ዘመን የመካው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ በ10ኛ ስብሰባው (1408 ሂ./1987 እ.ኤ.አ.) አስከሬንን መመርመርን ለወንጀል ምርመራ፣ በሽታን ለማወቅና ለሕክምና ትምህርት ፈቅዷል። ከቅድመ ሁኔታዎቹም መካከል ሟቹ የሚታወቅ ሰው ከሆነ የራሱ ወይም የወራሾቹ ፈቃድ መኖሩ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አለመሄዱ፣ የአካሉም ክፍሎች ሁሉ መቀበራቸው ይገኛሉ። ኢብኑ ነፊስን የያዛቸው ርኅራኄ አልተሻረም፤ በሥርዓት ታጥሮ የሕያዋንን ጥቅም እንዲያገለግል ተደረገ። የሟች አጥንት መስበር የሕያውን አጥንት እንደመስበር ነው የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት በተማሪው ሐኪም እጅ ላይ እንደ አደብ ሆኖ ይኖራል።

ለመምህራንና ለኢማሞች የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ስለ ቀደምት ሊቃውንቶቻችን ስንናገር ስህተታቸውን መደበቅ አያስፈልገንም። ሙእሚን በጣቶቹ ውስጥ የፈጣሪን ጥበብ ያያል፤ ኢማም አል-ገዛሊም የአካልን አሠራር የሚመረምር ሰው ጥበበኛ ፈጣሪ መኖሩን ለማመን እንደሚገደድ ጽፈዋል። ይህን እምነት ለማጽናት ግን ኢብኑ ሲና ከስህተት የጸዱ እንዲሆኑ አንፈልግም፤ ከስህተት የተጠበቁት ነቢያት ናቸው። ሊቃውንቱን በሌላቸው ቅድስና ከፍ ስናደርግ፣ ተማሪው አንድ ቀን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ዕለት የምናጣው የኢብኑ ሲናን ክብር ብቻ አይሆንም፤ የእኛንም ታማኝነት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከሚንበር ከወረድኩ በኋላ ነው።

ተማሪዎቻችን ሊሰሙት የሚገባው ታሪክ ከሁለቱ ትረካዎች ይበልጥ እውነትና ይበልጥ የሚያኮራ ነው። ቅጂን ከቅጂ አመሳክረው የተረጎሙ፣ የተረጎሙትን ለሕክምና በሚመች መንገድ ያደራጁ፣ ዓይናቸው ያየውን ከታላቁ ጋሌን ቃል ያስቀደሙ፣ ማየት ያልቻሉትንም «ቀደምቶችን ተከትለናል» ብለው ገደባቸውን የተናገሩ ሰዎች ነበሩ። ማስረጃው ባልደረሰበት ቦታ ስህተቱ ቆየ፤ በደረሰበት ቦታ ታረመ። የጣቶች ዲያ በደብዳቤ፣ መንጋጋው በአጥንት፣ ልብ በምርመራ ታረሙ፤ የአመልካቿ ጣት ጅማት ደግሞ ተራዋን ጠበቀች።

በሚቀጥለው ሶላት ተሸሁድ ላይ አመልካች ጣታችንን ስናነሣ፣ በክንዳችን ጀርባ በጥልቀት ያለች ትንሽ ጡንቻ ትታዘዛለች። የፈጣሪዋን አንድነት ትመሰክራለች፤ ለእኛም ለመምህራኑ የምናውቀውን ከማናውቀው ለይተን እንድንናገር ታስታውሰናለች።

አላህ ይበልጥ ያውቃል።